ባዶ እግር፣ ቀይ አፈርና የዘር ጥያቄ

[ምስል፦ ዝናብ ያረጠበው ቀይ እርሻ። በትልሙ ላይ የሚራመድ ባዶ እግር።]

ተራኪ፦ «ዘራቸው ነው» ይባላል። አያትየው ዝሆኔ ነበረባቸው፣ አክስትየውንም ይዟታል፣ ስለዚህ ከዚያ ቤት ልጅ አይታጭም። ዝሆኔ በበዛባቸው የወላይታና የጎጃም ቀበሌዎች ይህች አንዲት ቃል ስንቱን ትዳር አፍርሳለች። ስንቱንም ከሰው መሃል አውጥታ እቤት አስቀርታለች።

ታዲያ እውነት በዘር ነው? ይህንኑ ጥያቄ የምርምር ሥራቸው ያደረጉ የሕክምና መምህራን አሉ። የደረሱበት መልስ ግማሹ ሰዉ የጠረጠረው ነው። ሌላው ግማሽ ግን በሽታውን ከነጭራሹ ማስቀረት የሚችል ነው።

[ምስል፦ በሥዕል የተሠሩ ሁለት ያበጡ እግሮች፣ ጎን ለጎን።]

መጀመሪያ የትኛውን ዝሆኔ እንደምናወራ እንለይ። ትንኝ የምታስተላልፈው ትል የሚያመጣው አለ። እሱ ብዙውን ጊዜ የቆላ በሽታ ነው፣ ብሽሽትንም ይነካል። የደጋና የወይና ደጋው ግን ትልም፣ ባክቴሪያም፣ ቫይረስም የለበትም። ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን እኩል አያሳብጣቸውም።

የራሱ የደም ምርመራ የለውም። ሐኪሙ እግሩን ያያል፣ የት እንደኖሩና ከስንት ዓመት ጀምሮ ጫማ እንዳደረጉ ይጠይቃል። የትንኙ ትል አለመኖሩን ያጣራል። እግሩ ንክኪ ይሰማው እንደሆነም ይፈትሻል፣ የሥጋ ደዌ እንዳይሆን።

መንስኤው አፈር ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ፣ ዝናብ የሚበዛበት ከፍታ ላይ ያለ ቀይ አፈር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት ብሪታኒያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የሕመምተኞቹን የሊምፍ ዕጢ (የሰውነትን ፈሳሽ የሚያጣራውን) መርምረው የአፈር ማዕድን ብናኝ አገኙበት። ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባል። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይውጡታል፣ ግን ሊፈጩት አይችሉም። አካባቢው ይቆጣል፣ ፈሳሹን ከእግር የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ ይጠነክራሉ። ቦዩ እንደተደፈነበት ማሳ ፈሳሹ እግር ላይ ይተኛል።

[ምስል፦ የቤተሰብ የዘር ሐረግ ሥዕል፤ አንዳንዱ ስም በቀይ የተከበበ።]

እዚህ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። አንድ ማሳ ላይ፣ እኩል በባዶ እግር ከሚሠሩት ጎረቤታሞች አንዱን ይይዛል፣ ሌላውን ይተዋል። ለምን?

ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፣ በኋላም እንግሊዝ ወደሚገኘው የብራይተንና ሰሴክስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሄደዋል። ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ቤተሰቦችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አወጡ። የበሽታው ተጋላጭነት 63 በመቶ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ ነበር። በሽታው ያለበት ሰው ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ይጋለጣል።

ቀጣዩ ሥራ የትኛው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የዘር ቅንጣት) እንደሆነ መፈለግ ነበር። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ፋሲል ተኮላ ግን ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ሌላ ነገር አደረጉ። ወላይታ ወርደው ሰዎቹን ጠየቁ፦ እንዲህ ያለ ጥናት ቢመጣ ምን ይሰማችኋል? ፍርሃቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። «የዘር ጥናት» ሲባል ጎረቤት ይሰማል፣ ስማችን ይበልጥ ይጠፋል አሉ። ስለዚህ ከጥናቱ ጋር አብሮ ጫማ በሽታውን እንደሚከላከል ማስተማር እንደሚያስፈልግ ታየ። ከዚህ ሁሉ ምርምር ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ብዙ ተመራማሪ የፈቃድ ሰነዱን አስፈርሞ ያልፋል። እዚህ ግን የሕመምተኛው ስጋት ራሱን ችሎ ተጠና፣ ታተመም።

ከዚያ 194 ሕመምተኞችና 203 ጤነኞች ናሙና ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 መልሱ ወጣ። ልዩነቱ ኤችኤልኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ነው። እነዚህ ጂኖች ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከያ ሴሎቹ የሚያሳይበትን መንገድ ይወስናሉ። እንግዲህ አንዳንዱ ሰው ለዚያ ብናኝ የተቆጣ ምላሽ የሚሰጥ አካል ይዞ ይወለዳል ማለት ነው።

ልብ በሉ፦ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው። እግሩ አፈሩን ካልነካ በሽታው አይመጣም። ከዚያ ቤት የተወለደች ልጅ ከልጅነቷ ጫማ አድርጋ፣ እግሯን ታጥባ ካደገች አይይዛትም። በሽታው ከሰው አይተላለፍባትም፣ እሷም ለማንም አታስተላልፍም።

[ምስል፦ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ንጹሕ ካልሲ።]

ከያዘ በኋላስ? እግሩን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ጥቂት በረኪና የገባበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ማድረቅ። ቫዝሊን መቀባት፣ አስፈላጊ ከሆነ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ።

ቀላል ስለሆነ ይሠራል ብሎ መገመት አይበቃም፣ መፈተን አለበት። ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ወገን እንክብካቤውን ወዲያው ጀመረ፣ ሌላው ከ12 ወር በኋላ። የለኩት ድንገተኛውን ሕመም ነው። እግሩ የሚግልበትን፣ ትኩሳቱ ተነስቶ ሰውየው ለቀናት የሚተኛበትን። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት፣ ተራቸውን የጠበቁት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ታመሙ፣ ወዲያው የጀመሩት 19.4 ጊዜ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በእርሻ ወቅት አንድ ሕመም የስንት ቀን ሥራ እንደሚበላ ገበሬ ያውቀዋል። እርግጥ 19ም ገና ብዙ ነው።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ፤ ደጋማው ክፍል እየቀላ ሲሄድ።]

በሽታው የት የት እንዳለ የሚያሳየውን ካርታ የሠሩት ደግሞ በዚያው በብራይተንና ሰሴክስ ዶክትሬታቸውን የሠሩት ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከ1,315 መንደሮች 129,959 ሰዎች ታዩ። ከዚያ በተነሳ ስሌት ኢትዮጵያ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው በሽታው እንዳለበት ተገመተ። ሳሙናውና ጫማው ወደየትኞቹ ወረዳዎች መሄድ እንዳለበት አሁን ይታወቃል።