ሚጥሚጣ ምላሳችሁን አያቃጥልም

[ምስል፦ ጣባ ላይ ክትፎ፣ ከጎኑ አይብና ጎመን። እጅ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል።]

ክትፎው ቀርቧል። ሚጥሚጣው ትንሽ በዛ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ግንባር ያልባል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ዓይን እንባ ያቀራል። አጠገባችሁ ያለው ሰው «ኧረ ውሃ ስጡት!» ይላል። እናንተም በእጃችሁ እያራገባችሁ «አቃጠለኝ» ትላላችሁ።

ኧረ ምንም አልተቃጠላችሁም። በዚያች ሰዓት ምላሳችሁ ላይ ቴርሞሜትር ቢደረግ የሚያቃጥል ሙቀት አያሳይም። የተላጠ ነገር የለም፣ የቆሰለ ነገር የለም። ታዲያ ያ ሁሉ እሳት ከየት መጣ?

ከጣዕም እንዳይመስላችሁ። በርበሬ ቀንጥሶ እጁ ሲለበለብ ያደረ ሰው ያውቀዋል። እጅ አይቀምስም። በዚያው እጁ ዓይኑን ያሸማ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

[ምስል፦ የነርቭ ጫፍ፤ ላዩ ላይ ትንንሽ በሮች።]

ሕመም የሚያደርሱ ነርቮች ጫፋቸው ላይ እንደ በር የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። በሩ ሲከፈት ካልሲየምና ሶዲየም ይገባሉ። ነርቩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሳል። ምልክቱ በህብለ ሰረሰር አልፎ አንጎል ይደርሳል። ከነዚህ በሮች አንዱ ትሪፕቪ-1 ይባላል። የዘወትር ሥራው ሙቀት መጠበቅ ነው። ነገሩ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ወለል ብሎ ይከፈታል። ትኩስ ብርጭቆ ይዛችሁ እጃችሁን የምትሰበስቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ የዚህ በር የተሰረቀ ቁልፍ ነው በሉት። ምንም ሙቀት ሳይኖር ይከፍተዋል። አንጎል ጋ የሚደርሰው መልእክት ግን ያው ነው፦ «እሳት!» አንጎል ማን እንደላከው አያጣራም። ላብ የሚያጠምቃችሁም ለዚህ ነው። ሰውነት የሌለ እሳት እያበረደ ነው።

ይህ በር የታወቀው በ1997 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ካሊፎርኒያ፣ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል ተመራማሪ አለ። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፦ ቃሪያ ለምን ያቃጥላል? አሠራሩ ግን ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። ሕመም ከሚያደርሱ የአይጥ ነርቮች ውስጥ የሚሠሩትን ጂኖች ሰበሰቡ። ከዚያ ስለ ቃሪያ ምንም የማያውቁ ሌሎች ሴሎች ውስጥ ቡድን በቡድን እያደረጉ ከተቷቸው። ካፕሳይሲን ያፈሱባቸዋል፤ ይጠብቃሉ። ካልሲየም ከገባ የሚያሳይ ቀለም አድርገዋል። ዝም። ሌላ ቡድን። ዝም። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዱ ቡድን ውስጥ ሴሎች አበሩ። ያንን ቡድን እየከፋፈሉ፣ እየከፋፈሉ፣ አንድ ጂን ብቻ ቀረ፤ በሩን የሚሠራው ጂን። በሩን ሲያሞቁትም ተከፈተ። ቃሪያና እሳት አንድ በር እንደሚጋሩ ያኔ ታወቀ።

ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የተካፈለው ሊባኖስ ተወልዶ ያደገው አርመናዊ አርደም ፓታፑቲያን ነው፤ እሱ ደግሞ ነርቭ መነካትንና ግፊትን እንዴት እንደሚያውቅ ያገኘ ሰው ነው። የቅዝቃዜውም በር አለ፣ በ2002 ተገኝቷል። የሜንቶል ከረሜላ አፍ የሚያቀዘቅዘው ያንን እየከፈተ ነው። ተመሳሳይ ማታለል፣ በተቃራኒው።

[ምስል፦ ጓሮ የተሰጣ በርበሬ፤ ዶሮ ትለቅማለች።]

አሁን ዶሮዋን እዩልኝ። የተሰጣ በርበሬ ላይ ወጥታ ስትለቅም ምንም አይመስላትም። ጀግና ሆና አይደለም። ወፎችም ይህ በር አላቸው፣ ሙቀትም ያውቁበታል። የካፕሳይሲን ቁልፍ ግን በእነሱ በር አይገባም። ለቃሪያው ተክል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጥርስ ያለው እንስሳ ፍሬውን አድቅቆ ያጠፋዋል። ወፍ ግን ሙሉውን ውጣ ሩቅ ሄዳ ትጥለዋለች። ቃሪያ ከነማቃጠሉ የተገኘው አሜሪካ አህጉር ነው። ከ1492 በኋላ ነው ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ የመጣው። ያለ በርበሬ የኖሩት አያቶቻችን ምን አይነት ወጥ ይበሉ እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

ደግሞ የሚያቃጥለው ፍሬው ነው የሚባለው ልክ አይደለም። ካፕሳይሲኑ በብዛት ያለው ፍሬውን የያዘው ነጩ ሥር ላይ ነው። እናቴ ስንግ ስትሠራ ያንን ነጭ ነገር በቢላ ጠርጋ ታወጣው ነበር። ሳይንሱን ሳታነብ ልክ ነበረች።

ውሃውንስ? ውሃ አይረዳችሁም። ካፕሳይሲን የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውሃ አይደለም። ውሃ አፍ ውስጥ ያዘዋውረዋል እንጂ አያነሳውም። ወተት ውስጥ ያለው ካዜይን የሚባለው ፕሮቲን ግን ካፕሳይሲንን ይዞ ከምላስ ያላቅቀዋል። አይብም እርጎም ውስጥ አለ። ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርበው ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ አሁን ገባችሁ።

[ምስል፦ የመድኃኒት ቤተ ሙከራ።]

በሩ ሲገኝ የመድኃኒት ድርጅቶች ምን አሰቡ? በሩን ከዘጋነው ሕመም ቀረ! ምክንያትም ነበራቸው። አንድ ቦታ ሲቆጣ ይህ በር ከወትሮው በቀለለ ሙቀት መከፈት ይጀምራል። ፀሐይ የለበለበው ትከሻ ላይ ለብ ያለ ሻወር እንደ ፈላ ውሃ የሚሰማው ለዚያ ነው።

የሚዘጋ ኪኒን ሠሩ። ሰው ላይ ሞከሩት። የሰዎቹ ሙቀት ወጣ፤ አንዳንዶቹ 40 ዲግሪ ደረሱ። በሽታ ይዟቸው አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። ለካ ያ በር ለምላስ ብቻ ሳይሆን የመላው ሰውነት ሙቀት እንዲስተካከልም ይሠራል። ከዚህም ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች የሚያቃጥል ውሃ ለመለየት ተቸገሩ። ሕመሙን ልታጠፋ ሄደህ ማስጠንቀቂያውንም አብረህ ታጠፋዋለህ።

ተቃራኒውን ያሰቡ ደግሞ አሉ። በሩን አትዝጋው፤ እስኪደክመው ክፈተው። 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ፕላስተር በ2009 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለማን? አልማዝ ባለጭራ ለቋቸው ከሄደ በኋላ ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ላልተዋቸው ሰዎች። በሐኪም እጅ ለአንድ ሰዓት ይለጠፋል። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ በደንብ ያቃጥላል። ከዚያ የነርቩ ጫፍ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እፎይታው ወደ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ይህን ሰምታችሁ ሚጥሚጣ ቆዳችሁ ላይ እንዳትለጥፉ አደራ።

[ምስል፦ እግር ድንጋይ ይመታል፤ ምልክት በእግሩ ሽቅብ ይሮጣል።]

በሩ ካልሆነ ሽቦውስ፣ ነርቩ ራሱ? እንቅፋት ሲመታችሁ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ስል ነገር ውግት ያደርጋል። ቆየት ብሎ ያ የሚጠዘጥዘው ይመጣል። ሁለት ዓይነት ነርቭ ስላለ ነው። አንዱ ፈጣን ነው። ሌላው በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ከእግር ጣት ተነስቶ ጀርባችሁ ጋ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ምልክቱን ከጫፍ ጀምሮ የሚያቀባብሉት የሶዲየም በሮች ናቸው። ናቭ 1.7 እና ናቭ 1.8 የሚባሉትን ስም ያዙልኝ።

ሰሜን ፓኪስታን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። መንገድ ላይ ትርኢት ያሳይ ነበር። ክንዱን በቢላ ይወጋል፣ ፍም ላይ ይራመዳል። አያመውም። ተመራማሪዎች ስለሱ ሰምተው ሊያዩት ሲያስቡ ልጁ ሞተ። 14 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከቤት ጣሪያ ላይ ዘሎ ነው። የዘመዶቹን ልጆች ሲመረምሩ የናቭ 1.7 ጂናቸው የማይሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ በ2006 ታተመ። ንክኪ ያውቃሉ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ይለያሉ። ሕመም ብቻ የለም። ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን ራሳቸው ነክሰው አቁስለው ነበር። ናቭ 1.7 የሌላቸው ሰዎች ሽታ እንደማያሸቱም ኋላ በ2011 ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ናቭ 1.7ን የሚያፍን መድኃኒት ፍለጋው ጦፈ። ብዙ ተሞክሮ ብዙ ወደቀ። የተሳካው በጎረቤቱ በኩል ነው። ሱዜትሪጂን የሚባለው፣ ናቭ 1.8ን የሚያፍነው ኪኒን ጥር 30 ቀን 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ለድንገተኛ ሕመም ተፈቀደ። ናቭ 1.8 በዋናነት ያለው ከአንጎል ውጭ ባሉ የሕመም ነርቮች ላይ ነው። ሞርፊንና ዘመዶቹ ግን አንጎል ድረስ ገብተው ነው የሚሠሩት፤ ሱሱም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ተአምር አይደለም። ከቀዶ ጥገና በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች ባዶ ኪኒን ከወሰዱት በልጧል። ከሞርፊን ዘመድ ጋር ሲወዳደር ግን አልበለጠም። ሽቦውንም ሙሉ በሙሉ አይቆርጠውም። ለጥቂት ቀን ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ኪኒኑ ሲቆም ነርቩ ይመለሳል። የፓኪስታኑ ልጅ ያላገኘው ይህንን ነው።