ሙቀት ነው ብላችሁ ንፋስ አትቀንሱ

ሰላም ናችሁ ድሬዎች? ሐረር ሆናችሁ የምትሰሙኝስ፣ እንዴት ናችሁ?

ዛሬ የማወራው ስለ ጎማ ነው። የእህቴ ልጅ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መንዳት ጀምራለች። ምክሩም ከየአቅጣጫው እየጎረፈላት ነው። ደጋግማ የምትሰማው ደግሞ ይሄን ነው፦ «አቦ፣ ድሬ ሙቀት ነው፤ ጎማሽ እንዳይፈነዳ ንፋሱን ቀነስ አድርጊው።» የሚመክሯት ሰዎች ከልባቸው አስበውላት ነው። ምክሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሙቀት ላይ ጎማን ለፍንዳታ የሚዳርገው አብዛኛውን ጊዜ የንፋስ ማነስ ነው።

ለምን? ንፋስ ያነሰው ጎማ መሬት ላይ ይተኛል። በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጣጥፉት እጃችሁ ላይ ይግል የለ? የጎማም ጎን እንደዚያው ነው። ጎማ ደግሞ ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ክርና ሽቦ ተደራርቦበታል። ከልክ በላይ ሲግል ድርቡ እርስ በርሱ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መፈንዳት ነው። በዚህ ላይ የግንቦትን አስፋልት፣ አምስት ሰውና ሻንጣ የጫነ መኪና፣ ፍጥነትም ጨምሩበት።

«ንፋስ ሲሞቅ ይጨምራል አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ይጨምራል። ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይጨምራል። ግን ጎማውንም መኪናውንም የሠሩት ሰዎች ይሄን አስበውበት ነው ልኩን የወሰኑት። የወሰኑትም ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። ወይም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ጥላ ውስጥ ከቆመ በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ነድታችሁ፣ ጎማው እየጋለ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል፤ ነገ የምትነዱት ያንኑ ነው።

ልኩን ከየት ታገኙታላችሁ? የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። የፊትና የኋላ ጎማ ልክ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ሙሉ ጭነት ሲኖር ስንት እንደሚሆን የሚጽፉም አሉ። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር አትውሰዱ። እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ ለመኪናችሁ የሚስማማው ልክ አይደለም። ወረቀቱ በኪሎ ፓስካል ተጽፎ የጎሚስታው መለኪያ በፒኤስአይ ከሆነ አትደናገጡ፦ 220 ኪሎ ፓስካል ማለት 32 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ በባር ደግሞ 2.2።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ቁጥሩን እናንተ ንገሩት። «ደህና አድርገህ ሙላልኝ» አይባልም። ደህና ስንት ነው? ሲሞላላችሁ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ። ነባሮቹ ጎሚስታዎች ሞልተው ሲጨርሱ የሚያደርጉት ነገር አለ። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ቫልቩ አፍ ላይ ያሳርፉና ጎንበስ ብለው ያዩታል። ምራቁ ትንሽ አረፋ ካነሳ ቫልቩ ያስተነፍሳል ማለት ነው። ዝም ካለ ቆቡን ይከድኑታል። እዩትና ተማሩት። ቆቧም ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ የድሬ አሸዋ ቫልቩ ውስጥ እንዳይገባ የምትከላከለው እሷ ናት።

አሁን ጎማ ለምትገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ጎማ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ጀምሮ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። መጨረሻው ላይ አራት አሃዞች ታገኛላችሁ። 2416 ቢል፣ በ24ኛው ሳምንት፣ በ16 ተመረተ ማለት ነው። ይሄ 16 ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው! እኛ አገር ሰው ያየውና «የ2016 ነው፣ ገና አዲስ ነው» ብሎ ይከፍላል። ጎማው የተመረተው በእኛ ሰኔ 2008 ነው። ቀለም ተቀብቶ ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ ጥርሱም ሙሉ ሊሆን ይችላል። ላስቲክ ግን ሳይነዳም ያረጃል፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ደግሞ ይብስበታል። ጎኑን በእጃችሁ ጨምቃችሁ በደንብ እዩት። ስንጥቅጥቅ ካለ ተውት። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ቀይሩት ይላሉ። ጎኑ ላይ የተቀደደ ጎማም አይለጠፍም። ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ከተን እናስኪደው የሚላችሁ ካለ እሺ አትበሉት።

ስለ ጥርሱ ብዙ አልልም። ከጥርሶቹ መሃል፣ ቦዩ ውስጥ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል ማለት ነው፤ አልቋል። አበላሉም ይናገራል፦ ሁለቱም ዳር ከተበላ ንፋስ ያንሰዋል፣ መሃሉ ከተበላ በዝቶበታል፣ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) አሠሩ። «ድሬ መች ይዘንባል» ብለን በልሙጥ ጎማ እንሄዳለን። የጥርሱ ዋና ሥራ ውሃ ማስወጣት ስለሆነ በደረቁ ጊዜ ችግሩ አይታየንም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ግን የወራት አቧራና ዘይት አስፋልቱ ላይ ይቦካል። መኪናው ፍሬን እምቢ የሚለው ያን ቀን ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ለገዛችሁ፣ ባትሪው ከባድ ስለሆነ መኪናችሁ ከሌላው ይከብዳል፤ ጉልበቱም ገና ስትነሱ ነው የሚመጣው። ጎማ ቶሎ ይበላል። የዘይት ቅየራ ቀረልን ብላችሁ ጎማውንም አትርሱት።

ሙቀትን ካነሳን አይቀር፣ ራዲያተር ላይ የቧንቧ ውሃ አትሙሉ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እዚያም ይጋገራል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግዙ። ሲግል ክዳኑን አትክፈቱ፤ ፊታችሁን ያቃጥላችኋል።

የደንገጎ ነገር ደግሞ አለ። ከሐረር ወደ ድሬ ስትመጡ ከደንገጎ በኋላ ዳገቱ ሁሉ ቁልቁለት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጣችሁ ከወረዳችሁት ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ጎማውም ከእሱ ሙቀት ይቀበላል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ «ኤል» ወይም «2» ላይ አድርጉት። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ሕይወትን አስይዞ መቆማመር ነው። የጫት መኪና ከኋላ ጥሩንባ ሲያስጮህባችሁ ዳር ያዙና አሳልፉት። እሽቅድምድም ውስጥ አትግቡ። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙ፤ ይብረድላችሁ።

ጎማ ቢፈነዳባችሁስ? እግራችሁ ወደ ፍሬን መሮጥ ይፈልጋል። ከልክሉት። መሪውን በሁለት እጅ ጥብቅ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ ዳር ያዙና አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። የቆማችሁት መታጠፊያ ላይ ከሆነ ቀስ እያላችሁ ትንሽ እለፉት። ቸርኬው ይጎዳ፣ ግድ የለም። ሰው ከቸርኬ ይበልጣል።

ስኮርታ (መጠባበቂያ) ጎማውንም ንፋስ ለኩት፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሲቸገር ነው። ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖሩን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። ብሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጓቸው፣ ከዚያ በክሪክ አንሱት። ስታስሩ በተርታ አይደለም፤ አንዱን ካሰራችሁ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ እንደገና አጥብቋቸው፤ አዲስ የታሰረ ብሎን ይላላል። ድሬ ላይ ጎማ ቀይራችሁ ወደ ሐረር ከወጣችሁ፣ እዚያ እንደደረሳችሁ ቡና ከማዘዛችሁ በፊት መፍቻውን አውጡ።