ለፍላይ የትኛው መንጠቆ?

ሰላም፦ ዛሬ ፍላይ፣ ማለትም ዓሣ የሚበላውን ነገር እንዲመስል ከክርና ከላባ የምንሠራው ማጥመጃ፣ የሚታሰርበት መንጠቆ ነው ጉዳያችን። ሱቅ ስትገባ ግድግዳው ሙሉ ነው፤ አጭር፣ ረዥም፣ ቀጥ ያለ፣ የጎበጠ። ጀማሪ ከየት ይነሳ?

ሄኖክ፦ ዓሣው ከሚበላው ነገር። እዚህ ዴንቨር ላለነው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ቅርባችን ነው። የወንዙ ክፍል በሆነው ቺዝማን ካንየን ላይ ትራውት የሚባለው ዓሣ ሚጅ የምትባለዋን ደቃቅ ነፍሳት አዘውትሮ ይበላል። እሷን ለመምሰል ከ18 እስከ 24 ቁጥር መንጠቆ ነው የምንጠቀመው።

ሰላም፦ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ለአዲስ አድማጮች እንንገር።

ሄኖክ፦ አዎ፣ ግን ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። የአንዱ ፋብሪካ 18 ከሌላው 18 ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይለያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው አፉን ነው፤ በጫፉና ክር በሚጠመጠምበት ግንዱ መካከል ያለውን ክፍተት።

ሰላም፦ ለምን አፉን?

ሄኖክ፦ ዓሣውን የሚይዘው እሱ ነዋ! 22 ቁጥር መንጠቆ ሞርሳ ላይ አጥብቂና ክር ጠምጥሚበት፣ ቀጭን ሽቦ ደርቢበት፣ ትንሽ ጸጉር ጨምሪ። ሰውነቱ በወፈረ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል። ትራውቱ ይጎርሰዋል፣ ትስቢያለሽ፣ ጫፉ የሚሰካበት ስለሌለ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ለሚጅ ግንዱ አጭር፣ አፉ ሰፊ፣ ጎበጥ ያለውን እመርጣለሁ። የክሩ ቀዳዳም ቀጥ ያለ ይሁን። ወደ ታች የታጠፈው በእንዲህ ያለ ትንሽ መንጠቆ ላይ ያንኑ ክፍተት ይሻማል።

ሰላም፦ ጉብጠቱ መልክም ይሰጣል። የካዲስ ፑፓ፣ ማለትም ካዲስ የምትባለው ነፍሳት ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ያላት ቅርጽ፣ ቆልመም ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ መንጠቆ ላይ ሲታሰር ክብሪት እንጨት ይመስላል።

ሄኖክ፦ ልክ ነሽ። ውኃ ላይ ለሚንሳፈፈው ድራይ ፍላይ ግን ቀጥ ያለ ግንድና ቀጭን ሽቦ፤ ወፍራሙ ያሰጥመዋል። ከስር ለሚሄደው ኒምፍ ወፍራም ሽቦ። ትንሽ ዓሣ ለሚመስለው ስትሪመር ረዥም ግንድ።

ሰላም፦ ረዥሙን ግንድ እኔ አልወደውም። ትልቅ ዓሣ ጭንቅላቱን ሲያወራጭ ግንዱ በረዘመ ቁጥር ጫፉን ለመንቀል ይቀለዋል። አጭር መንጠቆ ላይ ረዥም ላባ አስሮ ጅራቱን ማወዛወዝ ይሻላል።

ሄኖክ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ከጅራቱ ነክሶ የሚመለስ ዓሣ አለ፤ ጫፉ ወደ ኋላ ካልሄደ አታገኚውም።

ሰላም፦ እሱስ እውነት ነው። ጂግ የሚባለው መንጠቆስ?

ሄኖክ፦ ኧረ ጂግን እወደዋለሁ! አንገቱ 60 ዲግሪ ያህል የታጠፈ ነው። ስንጥቅ ያለው የተንግስተን (ከባድ ብረት) ዶቃ ስታስገቢበት ተገልብጦ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይሄዳል። ድንጋያማ ወንዝ ላይ ጫፉ ወደ ታች የሆነው ቶሎ ይሰነቀራል፤ ፍላዩንም ክሩንም ጥለሽ ትመለሻለሽ።

ሰላም፦ አገር ቤት ሄዶ ባሌ ላይ ማጥመድ ለሚያስብስ? ዌብ ወንዝ ውስጥ ትራውት እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም።

ሄኖክ፦ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። እኔ ብሆን 14 እና 16 ቁጥር ጂግ ይዤ እሄዳለሁ፤ ድራይ ፍላይ ጥቂት።

ሰላም፦ ጫፉ አጠገብ ያለችው እሾህስ?

ሄኖክ፦ ዓሣውን የምትለቂው ከሆነ እሾህ የሌለውን ግዢ፣ አለዚያ በፒንሳ ጨፍልቂያት። ግን ክር ሳትጀምሪ። ሲጨፈለቅ የሚሰበር መንጠቆ አለ፤ ደክመሽ የሠራሽው ፍላይ አብሮ ከሚጠፋ ባዶው ይሰበር።