አሸዋማዋ ፒሎስ፦ ስለ ጳጉሜው ጉዟችን ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

የማኅበራችን ሰብሳቢ ስለ ጳጉሜው ጉዞ እንድናገር ሲጠይቁኝ «አጠር አድርጊው» ብለውኛል። ቡናው ገና አቦል ላይ ነው፤ በረካ ሳይደርስ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

አቴና ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን የኖርኩት አንዲት አዛውንት እያስታመምኩ ነው። ሥራውን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አላብራራም። ኪሪያዬ (በግሪክኛ «እመቤቴ» እንደማለት ነው) የተወለዱት ከፒሎስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ መንደር ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ ሻንጣውን፣ መድኃኒቱን፣ የእግር ማጠቢያ ሳፋው እንኳ ሳይቀር ጭነን ወደዚያ እንወርዳለን፤ እስከ መስከረም አንመለስም። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በአሥራ አንድ በጋ በእግሬ የረገጥኩትን ነው። በጋ ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ሐምሌን በጋ ብዬ ስጠራ እስከ ዛሬ አፌን ይተናነቀኛል።

ወደ ዳርቻዎቹ ከመግባቴ በፊት ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። ፒሎስ የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነው። ከሊቢያ የተነሣች አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ እስከ 750 የሚገመቱ ሰዎችን ጭና ከፒሎስ ራቅ ባለ ጥልቅ ባሕር ላይ ሰጠመች። የተረፉት 104 ብቻ ናቸው፤ የተገኘው አስከሬን 82 ነው፤ የቀሩት እዚያው ናቸው። በዚህ አዳራሽ ውስጥም ይህንኑ ባሕር በጎማ ጀልባ የተሻገሩ አሉ። አንዲት እህታችንን እንድትመጣ ስጠይቃት «እኔ ያንን ውኃ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል» ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ለመሄድ የወሰንነው ግን አንዱን ጠዋት ለዚሁ ሰጥተን ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም እግሩን ውኃ ውስጥ ሳይነክር፣ አባታችን በዳርቻው ላይ ጸሎት ያደርሳሉ። ጧፍ ይዛችሁ ኑ።

አሁን ወደ ቦታው። ፒሎስ ከአቴና 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የደቡብ ግሪኩ ባሕረ ገብ መሬት የፔሎፖኔዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት። አደባባይዋ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ስሙም የሦስቱ አድሚራሎች አደባባይ ይባላል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1827 የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ መርከቦች የኦቶማንንና የግብፅን መርከቦች ከፊት ለፊቱ ባለው የናቫሪኖ ወሽመጥ አጋይተዋቸዋል፤ በሸራ መርከቦች ብቻ የተካሄደ የመጨረሻው ታላቅ የባሕር ውጊያ ይሉታል። የግሪክ ነፃነት የተረጋገጠው በዚያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። ለዋና ግን ከተማዋ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ቡና ጠጥተን እንወጣለን።

ወሽመጡን በአእምሯችሁ እንድትስሉት እፈልጋለሁ፤ ዳርቻዎቹ ለምን እንደሚለያዩ የሚገባችሁ ያን ጊዜ ነው። ስፋክቲሪያ የምትባል ረጅም፣ ቋጥኝ የሆነች ደሴት በወሽመጡ አፍ ላይ እንደ በር መቀርቀሪያ ተጋድማለች። ከደሴቲቱ ወዲህ ያለው ውኃ የተኛ ነው። ከደሴቲቱ በስተሰሜን ወጣ ስትሉ ደግሞ እስከ ጣሊያን ድረስ የሚጋርደው የሌለ ክፍት ባሕር ይገጥማችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በመኪና ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ኪሪያዬ ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተው የአመልካች ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ ያነሡና «ዛሬ ያሎቫ» ወይም «ዛሬ ቮይዶኪሊያ» ብለው ይፈርዱ ነበር። ይግባኝ የለም። ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣውን ነፋስ ማይስትሮስ ይሉታል፤ እሱ የሚነሣበትን ሰዓት ከእኔ ስልክ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ያሎቫ ለእናቶቻችን ነው። በወሽመጡ ውስጥ ያለ መንደር ሲሆን ውኃው ሩቅ ድረስ ከጉልበት አያልፍም። ኪሪያዬ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ገብተው ውኃው ውስጥ ወንበር አስቀምጠው ይቀመጡና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲያወሩ ይውላሉ። እኔ ዋና የተማርኩት እዚያ ነው፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ በላይ የሆነ አራት ሴቶች እየሳቁብኝ።

ከያሎቫ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ዲቫሪ የሚባለው ረጅም የአሸዋ ግድብ አለ። በግራችሁ ወሽመጡ፣ በቀኛችሁ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ጨዋማ ሐይቅ። ከአፍሪካ ወደ ሰሜን የሚጓዙ ወፎች በጸደይ ሜዲትራኒያንን ተሻግረው ከሚያርፉባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። እስስቱም እዚያው ነው። አትሳቁ፤ የአፍሪካ እስስት ማለቴ ነው። ከሰሃራ በረሃ በታች ካለው ሳህል እስከ ቀይ ባሕር የሚኖረው ይኸው ዝርያ በአውሮፓ ውስጥ የሚገኘው በዚህ አካባቢ ብቻ ነው። በጥንት ዘመን ሰው ከግብፅ እንዳመጣው ይገመታል። ሴቷ ከቁጥቋጦው ወርዳ አሸዋውን ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች፤ እንቁላሉም ለብዙ ወራት እዚያው ይቆያል። መኪናውን አሸዋው ላይ የሚያወጣ ሰው ሳያውቀው ይጨፈልቀዋል። እኛ የምንሄድበት ወር ለእሷ የመውለጃዋ ሰሞን ስለሆነ ከተሠራው መንገድ አንወጣም። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ጊዜ መንገዱ ላይ አንድ እግሯን አንሥታ ልታስቀምጠው ያመነታች መስላ ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዝ ነበር፤ አንዱ ዓይኗ እኔን፣ ሌላው ባሕሩን ያያል። ብስክሌቴን አጋድሜ መንገዱን ዘጋሁላት። ሦስት ሜትር ለመሻገር ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ወዲህ የሰው ጠባይ ሲለዋወጥብኝ «እስስት» ማለት ትቻለሁ፤ የማውቃት እስስት ጨዋ ናት።

ሐይቁን ዞራችሁ በአሸዋ ክምሩ ላይ ስትወጡ ቮይዶኪሊያ ትገለጣለች። ስሟ «የበሬ ሆድ» እንደማለት ነው። ከላይ ሲያዩአት የግሪኩን ፊደል ኦሜጋን ትመስላለች። የእኛን «በ» አናቷን አክብቡና እግሮቿን ወደ ውጭ አጥፏቸው፤ እሷን ሣላችሁ ማለት ነው። ሁለት ቋጥኞች ሊነካኩ ትንሽ ቀርቷቸው በመካከላቸው ጠባብ በር ይተዋሉ። የውጭው ሞገድ በዚያች በር ሲገባ፣ ኩሬ ላይ ድንጋይ እንደ ወረወራችሁ ያህል በግማሽ ክብ እየሰፋ ይሄዳል፤ በየአቅጣጫው እኩል ስለሚደርስም አሸዋውን ግማሽ ክብ አድርጎ ፈልፍሎታል። ሰው የሠራው ይመስላል፤ የሠራው ግን ሞገዱ ነው።

እዚያ ሱቅ የለም፣ የሚከራይ ጃንጥላ የለም፣ ዛፍም የለም። የተጠበቀ ቦታ ስለሆነ ምንም አይተከልበትም። እኩለ ቀን ላይ አሸዋው እንደ ምጣድ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ የምንደርሰው በማለዳ ነው፤ ውኃው ገና ሳይነቃ። ጉልበታችሁ ድረስ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ብትቆሙ ትንንሽ ዓሦች መጥተው የእግራችሁን ጣት ይቆነጥራሉ። በበሩ በኩል ግን ማንም ወደ ውጭ እንዳይዋኝ፤ እዚያ ውኃው ይጎትታል። ጉልበት ያለው ወጣት ከዳርቻው በላይ ወዳለው የኔስቶር ዋሻ መውጣት ይችላል።

ኔስቶር ማለት የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር የዘፈነለት የፒሎስ ሽማግሌ ንጉሥ ነው። እዚህ ላይ ኪሪያዬ ደጋግመው ያጫወቱኝን ልንገራችሁ። ኦዲሴይ የሚባለው የሆሜር ግጥም ሲጀመር የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ከቤቱ የለም። የት ሄደ ቢባል፣ ኢትዮጵያውያን ዘንድ፤ የኮርማና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ተጋብዞ። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ የግጥሙ ጀግና የኦዲሴዎስ ልጅ አባቱን ፍለጋ «አሸዋማዋ ፒሎስ» ሲደርስ፣ ሕዝቡ በባሕሩ ዳር ለዚያው ለፖሲዶን ጥቁር ኮርማ ሲሠዋ ያገኛል፤ ዘጠኝ ረድፍ፣ በየረድፉ 500 ሰውና ዘጠኝ ኮርማ። ኪሪያዬ «እናንተ ዘንድ ስለጠገበ ነው የእኛን ያላመሰገነው» ይሉ ነበር። የሆሜር ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በካርታ ላይ እኛው ነን ብዬ አልከራከርም። ግን ያን አሸዋ በረገጥኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1939 ቁፋሮ ሲጀመር የተጻፈባቸው የሸክላ ሰሌዳዎች ወጡ። ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የነበረው ቤተ መንግሥት ሲቃጠል እሳቱ ጭቃውን ጠብሶ አቆየው። ጽሑፉ በ1952 ሲነበብ ጥንታዊ ግሪክኛ ሆኖ ተገኘ። ከሰሌዳዎቹ መካከል ዳርቻውን የሚጠብቁ ዘቦች ዝርዝር አለ፤ የአዛዦቹ ስም፣ የሰዎቹ ቁጥር፣ በድምሩ 800 ያህል። እንግዲህ ያ ባሕር ዳር ከጥንትም ጥበቃ ሳይለየው ኖሯል። ማንን እንደሚጠባበቁ ግን ሰሌዳው አይናገርም።

የዛሬውስ የማን ነው? ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከአቴና ብዙም በማይርቅ ዳርቻ ፎጣዬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት መጥቶ «አልጋ ካልተከራየሽ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አለኝ። ፎጣዬን አጥፌ ተነሣሁ። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው የተናደድኩት፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። ሕጉን አውቀዋለሁና። በግሪክ ሕግ የተለመደው ከፍተኛ ሞገድ እስከሚረግጠው ድረስ ያለው መሬት የሕዝብ ነው፤ ማንም በግሉ ሊይዘው አይችልም። እ.ኤ.አ. የ2001ዱ የባሕር ዳርቻ ሕግ ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ «የፎጣው ንቅናቄ» ተባለ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ሕግ ደግሞ የሚከራየው አልጋ ከውኃው ቢያንስ አራት ሜትር መራቅ አለበት። «የሕዝብ» ሲባል የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ዜግነትም አይጠየቅበትም። እዚህ አገር የሌላውን ሰው ቤት ስንጠርግ የኖርን ሰዎች ያለ ማንም ፈቃድ የምንቀመጥበት መሬት አለ ማለት ነው። በጉዟችን ላይ ማንም ተነሡ ቢለን የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ፎጣዬን አላጥፍም።

የቀሩትን ላሳጥር፤ ሁለተኛው ቡና ሲወርድ እያየሁ ነው። ሮማኖስ ክፍት ባሕር ላይ ያለ ረጅም አሸዋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ይነሣል፤ ወጣቶች ይወዱታል። የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ስለሚጥሉበት በእንጨት የታጠረ ቦታ ካያችሁ ጃንጥላ አትትከሉበት፣ ልጆችንም አርቁ። ሜቶኒ ከፒሎስ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውኃ ውስጥ የገባ የቬኒስ ምሽግ አለው። ለፎቶ እንሄዳለን፤ እውነቱን ለመናገር ለፎቶ ብቻ።

ጉዞው ለምን በጳጉሜ ሆነ ላላችሁ፦ የፍልሰታ ጾም አልፏል፣ የግሪኮቹም የነሐሴ ግርግር በርዷል፣ ባሕሩ ግን በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ገና ለብ ያለ ነው። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። በአገራችን ልጅ ሳለን በዚያ ቀን ዝናብ ከጣለ ራቁታችንን እየሮጥን እንጠመቅ ነበር። ፒሎስ በዚያ ሰሞን ዝናብ ብዙም አይጥልም፤ በባሕሩ እንክሳለን።

አውቶቡሱ ጳጉሜ 2 ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያናችን በር ይነሣል፤ እኔ አሥር ተኩል ላይ እዚያ ነኝ። ድፎ ዳቦው ተይዟል፤ ስለ ቆሎው እታለም ኃላፊነት ወስደዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፎጣ፣ አንድ ባርኔጣ፣ ሁለት ሊትር ውኃ። የዋና ልብስ የለኝም የሚል ሰው በቀሚሱ ይግባ፤ ኪሪያዬ እስከ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው በቀሚሳቸው ነበር የሚገቡት። ወንበራቸውን ልጃቸው ሰጥቶኛል፤ አውቶቡሱ ላይ እጭነዋለሁ። ያሎቫ ላይ ለመቀመጥ የምትፈልጉ እናቶች ተራ ያዙ።