የቮልሷ እግር

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። የማወራችሁ ስለ ጎማ ነው፤ ያውም ስለማይዳሰስና ስለማይሸት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ ጎማ።

የምጫወተው አሴቶ ኮርሳ ነው። ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የሚባል የጣሊያን ድርጅት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የመኪና ውድድር ጌም ነው። አርጅቷል፤ ላፕቶፔም አርጅቷል፣ ተስማምተው ይኖራሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢኤምደብልዩ ዜድ 4 ጂቲ 3 በምትባል የውድድር መኪና ሞንዛ ላይ፣ የጣሊያኑ የውድድር ሜዳ ላይ፣ ስዞር ከረምኩ። ዙሩ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ በ1 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ እገባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ፈጣን ልጆች ካምበር ሲያበዙ አይቼ ነበርና፣ እኔም የፊቱን ካምበር ጌሙ እስከፈቀደልኝ ድረስ ወደ ኔጋቲቭ ጎተትኩት።

ካምበር ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ ድሮ ቤታችን ቮልስ ነበረች። ቮልስን የሚያውቅ ሰው የኋላ እግሯን ያውቃል። በክሪክ ስትነሳ የኋላ ጎማዎቿ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ሽንቱ እንደያዘው ልጅ። ያ ፖዘቲቭ ካምበር ነው። አጎቶቼ ሦስቱም ከኋላ ሲጫኑባት ደግሞ የጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ ገብቶ እግሯን ትከፍታለች። ያ ኔጋቲቭ ነው። የሰፈራችን ጎሚስታ መዳፉን በጎማው ላይ ከዳር እስከ ዳር ያሳልፍና ለአባቴ "ጋሼ፣ ሰው አብዝተውባታል" ይለው ነበር። የውስጡ ጠርዝ ተበልቶ እጁ ላይ ይታወቀው ነበር መሰለኝ። ያኔ ጠንቋይ ይመስለኝ ነበር።

የውድድር መኪና ግን ይህን ዝንባሌ ሆን ብሎ ይፈልገዋል። ኩርባ ላይ መኪናው ወደ ውጭ ይጋደማል፤ ጭነቱን የተሸከመው የውጭ ጎማም በትከሻው መሄድ ይጀምራል። አስቀድማችሁ ወደ ውስጥ ካዘነበላችሁት፣ ኩርባው ላይ ሲደርስ ይቃናና በሙሉ እግሩ ይረግጣል። ዋጋው የሚከፈለው ቀጥታው ላይ ነው። እዚያ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ስለሚቆም፣ ፍሬን ስትይዙ አስፋልቱን የሚቆነጥጠው ላስቲክ ትንሽ ነው።

ሞንዛ ደግሞ ረጅም ቀጥታና ከባድ ፍሬን ነው። የመጀመሪያው ሺኬን፣ ፍጥነት ማብረጃው ጠባብ ጥምዝምዝ፣ ላይ ፍሬን እይዛለሁ፣ መኪናዋ ግን አልሰማችም። ሣር ላይ ነኝ። እንደገና፣ ሣር። ጋራዥ ተመልሼ የፊት ግራውን ጎማ ሙቀት አየሁ፦ ውስጡ 108፣ መሃሉ 97፣ ውጩ 81 ዲግሪ። ውስጡ ከውጩ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ቢበልጥ ደህና ነው ይባላል። የኔ በ27 በለጠ! ጎሚስታው ቢኖር ይስቅብኝ ነበር።

ይሄ በእውነተኛ ውድድርም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በፎርሙላ 1፣ ቤልጂየም ስፓ ላይ፣ የሬድ ቡል ቡድን ጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ከመከረው በላይ ካምበር አድርጎ በማጣሪያው የፊት ጎማዎቹ እንደተቃጠለ እጅ አበጡ። ከማጣሪያ በኋላ ደግሞ ሴታፕ፣ የመኪናውን ማስተካከያ፣ መንካት ክልክል ነው፤ መንካት ከፈለግህ ከፒት ሌን፣ ከጋራዦቹ መንገድ፣ ከሁሉም ኋላ ትነሳለህ። እንዳለ ሄዱና ሹፌሮቻቸው ፌትል አንደኛ፣ ዌበር ሁለተኛ ወጡ። እኔ ግን ፌትል አይደለሁም፤ ካምበሩን መለስኩት።

ፍሬኑ ተስተካከለ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሞንዛ ትላልቅ ኩርባዎቿ ወደ ቀኝ ናቸው፣ ስለዚህ መከራውን የሚያየው የግራ ጎማ ነው። ፓራቦሊካ በሚባለው የመጨረሻው ረጅም ኩርባ ላይ የፊት ግራው ውጭ ጠርዝ መጠበስ ጀመረ። "በቃ፣ ካምበር አንሶታል" ብዬ ልጨምር ስል፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሪፕሌዩን፣ የነዳሁትን ቅጂ፣ ከፈትኩ።

እጄን አየሁት። ገና መኪናዋ ሳትዞር መሪውን ጠምዝዤ ጠምዝዤ ጨርሼዋለሁ! ጎማው መያዝ አቅቶት በትከሻው እየተንሸራተተ ነው፣ እኔ እጨምርለታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዲግሪ ስቆጥር ይሄን አላየሁም። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፤ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አፈርኩ።

በማግስቱ ሴቲንጉን ምንም ሳልነካ ትንሽ ቀደም ብዬ ፍሬን ይዤ፣ መሪውን በግማሽ ብቻ አዞርኩ። የውጩ ሙቀት ወረደ። 1 ደቂቃ ከ51.6። ለሚስቴ ነገርኳት፤ "ጎበዝ፣ እራቱ ቀዘቀዘ" አለችኝ።

አሁን የቀረችኝ የኋላ ግራዋ ናት፤ መሃሏ ከሁለቱ ጠርዞች ይልቅ ይግላል። ንፋስ በዝቶባታል ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ሳለች የምትሞላው ንፋስ ስትሞቅ እንደሚጨምር ረስቼ ነው። ዛሬ ማታ ከንፋሷ ግፊት 1 ፒኤስአይ ብቻ ልቀንስላትና አያታለሁ። ካምበሩን አልነካም። ደህና እደሩ።