አንድ ፍሬ ሲጋራ፦ አጫሹ የሚያውቀውና የማያውቀው

[ምስል፦ የጣና ዳርቻ፣ ከሰዓት በኋላ። ደረቱ ላይ ሣጥን ያንጠለጠለ ወጣት በእግረኞች መካከል ያልፋል።]

ተራኪ፦ ባሕር ዳር ላይ ሲጋራ ለመግዛት ሱቅ መግባት አያስፈልግም። ሱቅ በደረቴው ራሱ ይመጣል። ከማስቲካውና ከሶፍቱ ጎን የተከፈተ ፓኬት አለ፤ ገዥው አንድ ፍሬ ይመዛል፣ እዚያው ይለኩሳል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሲጋራ ፓኬት ፊትና ጀርባ ቢያንስ 70 በመቶው በጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የታተመው ፓኬቱ ላይ ነው፤ ፓኬቱ ደግሞ ሻጩ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ታዲያ አጫሹ አደጋውን አያውቅም? ያውቃል እንጂ። ተራ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ተማሪ ቢጠየቅ «ካንሰር ያመጣል» ለማለት አያመነታም። ችግሩ ያለው ቀጥሎ በሚናገረው ላይ ነው፦ «እኔ ግን በቀን አንድ ሁለት ብቻ ነኝ፤ እሱንም ጫት ላይ ስቀመጥ።»

[ግራፊክ፦ በግራ አንድ ሲጋራ፣ በቀኝ ሃያ ሲጋራ። በመካከላቸው ልብ።]

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በቀን አንድ የሚያጨስ ሰው ሃያ ከሚያጨሰው ጋር ሲነጻጸር አደጋው አንድ ሃያኛ ይመስለዋል። ለሳንባ ካንሰር ከሆነ መጠን መቀነሱ በእርግጥ ለውጥ አለው። ልብ ግን እንዲህ አይቆጥርም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመና 141 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ለልብ ሕመም ያለው ተጨማሪ አደጋ ሃያ የሚያጨሰው ካለበት ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህል ነው። ጥቂት ጭስም የደም ሥርን ግድግዳ ይጎዳል፤ ደምም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። እንግዲህ ስለ ካንሰር ብቻ የሚያውቅ አጫሽ የሚፈራው ሩቅ ያለውን ነው፤ ልቡን ከነአካቴው ከሒሳብ አውጥቶታል። የሳንባ ነቀርሳንም (ቲቢን) እንዲሁ፦ ማጨስ በዚህ በሽታ የመያዝን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል።

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ መጠበቂያ አግዳሚ። ወጣት ነርስ፣ አዛውንት ታካሚ።]

«አባባ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»
«አጨሳለሁ ልጄ። አሁንማ ባቆምስ ምን ይረባኛል? የሆነው ሆኗል።»

ተራኪ፦ ለአባባ መልስ አለ። በብሪታንያ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ34 ሺህ በላይ ወንድ ሐኪሞች ለ50 ዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ማጨስን ያልተዉት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ አጥተዋል። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት ከዚህ 3 ዓመት ያህል አትርፈዋል፤ በ50 ያቆሙት 6፣ በ40 ያቆሙት 9። በ30 ያቆሙት የጠፋውን ሁሉ መልሰዋል ለማለት ይቻላል። ሦስት ዓመት ደግሞ የልጅ ልጅን ሠርግ ሊያሳይ ይችላል።

ፈቃደኝነቱስ? እኔ እንደምታዘበው ከፈቃደኝነት የሚጎድለን የለም። የሚጎድለው ቀን ነው። «አቆማለሁ» የሚል ብዙ ነው፤ «ማክሰኞ አቆማለሁ» የሚል ጥቂት።

ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ አልሰበሰብ ይለዋል። ያን ጊዜ «ያረጋጋኛል» ብሎ ይለኩሳል። ያረጋጋው ግን ቀድሞ የተጨሰው ሲጋራ ያመጣበትን ጭንቀት ነው። ያለ ምንም እርዳታ ለማቆም ከሚሞክሩት መካከል ከአንድ ሙከራ የሚሳካላቸው ከመቶ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ «እርዱኝ» ቢል ደካማ አያሰኘውም። የኒኮቲን መተኪያ ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። በየፋርማሲው አይገኙ ይሆናል፤ ቢሆንም ባለሙያን መጠየቅ ያዋጣል፤ ምክሩ ብቻውን እንኳ የመሳካት ዕድልን ይጨምራል።

[ምስል፦ የፋሲካ ዋዜማ ገበያ፤ ዶሮ፣ ቄጠማ፣ ሽንኩርት።]

በአገራችን አንድ ልዩ አጋጣሚም አለ። ሁዳዴን ሙሉ ሳያጨስ የሚከርም አጫሽ አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የኒኮቲን ናፍቆት እጅግ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሆን፣ አብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። (በረመዳን ነገሩ ይለያል፤ ቀን ተጹሞ ማታ የሚጨስ ከሆነ ኒኮቲኑ በየምሽቱ ይታደሳል።) እንግዲህ ሁዳዴን የጨረሰ ሰው በፋሲካ ዕለት ሰውነቱ ከኒኮቲን ግዞት ወጥቷል ማለት ይቻላል። በማግስቱ የሚመልሰው ቢራው፣ ጫቱና «እንኳን አደረሰህ» እያለ ሲጋራ የሚዘረጋለት ወዳጁ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱን ከጾሙ መግቢያ ይልቅ ለፋሲካ ሳምንት ማድረግ ይሻላል። በሆሳዕና ሰሞን ለጓደኞች «በበዓሉ ሲጋራ እንዳትጋብዙኝ» ብሎ አስቀድሞ መንገር፣ ለጥቂት ሳምንታት ከጫት ቤት መራቅ፣ የበዓሉንም ጠላ ከማያጨሱት ዘመዶች ጋር መጠጣት።