ፍራንቻይዝ ልግዛ ወይስ የራሴን ልክፈት?

ሄለን፦ እሺ፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠይቀንን ይዘን መጥተናል። እዚህ አሜሪካ ስንት ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ እቁብ ጥሎ ገንዘብ የያዘ ሰው "ሰብዌይ ልግዛ ወይስ የራሴን ምግብ ቤት ልክፈት?" ይላል። ፍራንቻይዝ ማለት እንግዲህ እንደ ሳንድዊች ቤቱ ሰብዌይ ባለ በታወቀ ኩባንያ ስምና አሠራር ለመሥራት ከፍለህ የምትገባበት ነው። ብሩኬ፣ ምን ትለዋለህ?

ብሩክ፦ "ሂሳቡን ሠርተኸዋል ወይ?" ነው የምለው። ሰው የሚያየው የመግቢያ ክፍያውን ብቻ ነው። የሰብዌይ መግቢያ ለብዙ ጊዜ 15 ሺህ ዶላር ነበር፤ ከማክዶናልድስ 45 ሺህ ጋር ሲተያይ ርካሽ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ከሽያጭህ 8 በመቶ ሮያሊቲ፣ ማለትም በስማቸው ለመሥራት በየጊዜው የምትከፍለው፣ 4.5 በመቶ ደግሞ ለማስታወቂያ ትከፍላለህ።

ሄለን፦ ከትርፉ ላይ አይደለም?

ብሩክ፦ ከሽያጭ! ነገሩ ያለው እዚች ጋ ነው። አንድ ሳንድዊች በ10 ዶላር ሸጥክ እንበል፤ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ወዲያው ሄደ። ዳቦውን፣ ስጋውን፣ ኪራዩን፣ የሠራተኛውን ደሞዝ ገና አልከፈልክም። ወሩን ከሰርክም አተረፍክም የእነሱ ድርሻ አይቀርም።

ሄለን፦ ቆይ፣ በዓመት 500 ሺህ ዶላር የሚሸጥ ሱቅ ከሆነ... 62,500 ዶላር! ኧረ ይሄ እኮ የሰው ደሞዝ ነው።

ብሩክ፦ አዎ፣ ባለቤቱ ራሱ ያንን ያህል ላያገኝ ይችላል።

ሄለን፦ እኔ ግን ልከራከርህ። የራሱን የሚከፍተውም ቢሆን ይከፍላል እኮ። ሰው እስኪለምደው ድረስ ባዶ ቤት ቁጭ ብሎ ኪራይ ይገፈግፋል። ፍራንቻይዝ ሲሆን ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስጋው ስንት ግራም እንደሚገባ፣ ማታ ሱቁ እንዴት እንደሚዘጋ ሁሉ ተጽፎ ይሰጥሃል። ምግብ ቤት ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ብሩክ፦ እሱን አልክድም። ግን ጥቅማችሁ ሁሌ አንድ አይደለም። ያቺን የሰብዌይ የ5 ዶላር ረጅም ሳንድዊች ታስታውሺያለሽ?

ሄለን፦ ዘፈኗ ራሱ ከጭንቅላቴ አልወጣም!

ብሩክ፦ ሐሳቡ የመጣው ከዋናው ኩባንያ አይደለም። ማያሚ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የሰብዌይ ሱቅ የነበረው ስቱዋርት ፍራንክል የሚባል ሰው ነው የጀመረው፤ ቅዳሜና እሁድ ገበያው ሲቀዘቅዝበት። በፈረንጆቹ 2008 አገር አቀፍ ሆነ፣ ጉድ ተሸጠ። ወደ 2017 መጨረሻ ኩባንያው ያንኑ በ4.99 ልመልስ ሲል ግን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሱቆች ፈርመው ተቃወሙ።

ሄለን፦ ለምን? ሰው አይመጣላቸውም?

ብሩክ፦ ይመጣል እንጂ። ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደሞዙም ኪራዩም ጨምሯል፣ ዋጋው ያው ነው። ኩባንያው ድርሻውን የሚወስደው ከሽያጩ ስለሆነ ብዙ ከተሸጠ ይበቃዋል። በአንዱ ሳንድዊች ላይ የሚከስረው ባለሱቁ ነው።

ሄለን፦ ኪዊዝኖስስ? እሱም ሳንድዊች ነበር፣ የት ገባ?

ብሩክ፦ ወደ 5 ሺህ ሱቅ ደርሶ ነበር፣ በ2014 ዕዳው ከብዶት ባንክራፕሲ ገባ። ባለሱቆቹ "አይብና ስጋውን ከራሱ እህት ኩባንያ በውድ ዋጋ እንድንገዛ እንገደዳለን" ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ስለዚህ ሮያሊቲውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ዕቃውን ከማን እንደምትገዢም ማየት ነው።

ሄለን፦ ታዲያ ሰው ይሄን ሁሉ ከየት ይወቅ?

ብሩክ፦ ሕጉ ያግዝሻል። ፈርመሽ ወይ ገንዘብ ከመክፈልሽ ቢያንስ 14 ቀን በፊት ኤፍዲዲ የሚባለውን፣ ስለ ፍራንቻይዙ ዝርዝር መረጃ ያለበትን ሰነድ ሊሰጡሽ ግድ ነው። ወፍራም ነው፣ ያሰለቻል። ተራ ቁጥር 20ን ፈልጊ። ስንት ሱቅ እንደተከፈተ፣ ስንት እንደተዘጋ፣ በቅርብ የወጡት ሰዎች ስምና ስልክ እዚያ አለ። ለወጡት ደውዪ። ያሉት ኩባንያውን ላለማስቀየም ይሉኝታ ይይዛቸዋል።

ሄለን፦ ሁለት ብሎክ ላይ ሌላ ሰብዌይ ቢከፍቱብኝስ?

ብሩክ፦ ሰብዌይ "ይሄ ሰፈር የአንተ ብቻ ነው" አይልም። እሱ የዚያው ሰነድ ተራ ቁጥር 12 ላይ አለ።

ሄለን፦ ባንኩስ? "በኤልኤልሲ፣ ኃላፊነቱ በተወሰነ ድርጅት ነው የከፈትኩት፣ ቢዘጋ እኔን አይነካኝም" የሚል ሰው ሞልቷል።

ብሩክ፦ በኤስቢኤ፣ ማለትም የመንግሥቱ የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ዋስትና በሚሰጠው ብድር ከሆነ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉ ዋስ ሆኖ ይፈርማል። ሱቁ ተዘግቶ ዕዳው ቤትህ ይመጣል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ጠበቃ።

ሄለን፦ የፍራንቻይዝ ጠበቃ ማለትህ ነው።

ብሩክ፦ አዎ በናትሽ! ግሪን ካርድ ያወጣልህን ጠበቃ ይዘህ እንዳትሄድ።